ወደ ውስጥ ያዘነበለው ወረቀት

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ግን የዋራንዲን ከተማ አዳራሽ መብራቶች በሙሉ በርተዋል። ውጭ ሰማዩ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ጠቁሯል። ከኮረብታው ወዲያ ጫካው እየነደደ ነው። ከከተማዋ የሚያስወጡት ሁለቱም መንገዶች ስለተዘጉ፣ በጊዜ ለቆ መሄድ ያልቻለ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቧል፤ ሰማንያ ያህል ሰው፣ ሦስት ውሻና አንድ በቀቀን።

ዳርሲ በመድረኩ ጥግ፣ ከአያቱ ወንበር አጠገብ ተንበርክኮ በሽማግሌው ጣት ላይ የተሰካችውን የደም ኦክስጅን መለኪያ ያያል። ሰማንያ ስምንት ትላለች። ከግማሽ ሰዓት በፊት ዘጠና አንድ ነበረች።

«ስንት አለች?» አሉ አያቱ አልቢ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው ትንሽ ገፋ አድርገው።

«ደህና ናት፣ አባባ።»

«ውሸታም። ከሕፃንነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

ዳርሲ ሳያስበው ጆሮውን ነካ። አልቢ ሊስቁ ሞከሩና ሳል ቀደማቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በድንጋይ መቁረጫ ቤት ሠርተዋል፤ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ደርቆ ቀርቷል። ዳርሲን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት በዚያ በተበላ ሳንባ ነው። አሁን ዳርሲ ሃያ አራት ሞልቶታል፤ ሥራው ማራገቢያና ማቀዝቀዣ መግጠም ነው።

የከተማዋ ነርስ ሉዝ መጥታ ቁጥሩን አየችና ዳርሲን በዓይኗ ጠራችው። ወደ መጋረጃው ጀርባ ወሰደችው።

«ስማኝ፣ ዳርሲ። ሲሊንደሩ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። አምቡላንሱ የሚመጣው መንገዱ ሲከፈት፣ መንገዱ የሚከፈተው ነፋሱ ሲዞር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይዞራል ብለዋል።»

«እንግዲያው ይደርሳል።»

«ኦክስጅኑ ይደርስ ይሆናል። የኔ ሥጋት ጭሱ ነው። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ነው የሚስቡት። ቁጥሩ ከሰማንያ ሦስት ከወረደ፣ እኔ እዚህ ላደርግላቸው የምችለው ነገር የለም። እውነቱን ነው የምነግርህ።»

ዳርሲ ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። በየአምፖሉ ዙሪያ ቢጫ ጉም ከቧል። በሮቹ ሥር እርጥብ ፎጣ ተጎዝጉዟል፤ የበሮቹ ስንጥቅ በፕላስተር ታሽጓል። ጭሱ ግን እየገባ ነው። ከየት?

ከዚያ የለመደውን ድምፅ ሰማ። ከመድረኩ ጀርባ፣ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ፣ ባለፈው የአበባ ወር በገዛ እጁ የገጠመው በውሃ የሚሠራ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። ይህ ማሽን የውስጡን አየር እያዞረ አያቀዘቅዝም፤ የውጭውን አየር በእርጥብ ንጣፍ አሳልፎ ወደ ውስጥ ይገፋል። እርጥቡ ንጣፍ አቧራ ይይዛል፣ ቅጠል ይይዛል። ጭስ አይይዝም።

ለዳርሲ ሦስት ሰው ፊት ቆሞ ከመናገር በበጋ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሙሉ መዳህ ይቀለዋል። ስለዚህ ለማንም ሳይናገር ሄደና እጁን ማብሪያው ላይ አሳረፈ።

«ነካ አድርገህ እየው!»

የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሞሪን ነበሩ። የአዳራሹ ቁልፍ ሁሉ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሲራመዱ ይንሿሿል።

«ማጥፋት አለብን፣ ወይዘሮ ሞሪን። ጭሱን የሚያስገባው ይሄ ነው።»

«ውጭ አርባ ሦስት ዲግሪ ነው፤ አራስ አለች፤ ልባቸውን የሚያማቸው አሉ። ደግሞስ ይሄን የጻፈው ማን ነው?» ጣታቸውን በማብሪያው አጠገብ ወደተለጠፈው ካርድ ቀሰሩ። በጥንቃቄ የተጻፈ፣ አንድ ፊደል እንኳ ያልተዛባ ካርድ ነው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው አነበቡት። «‹ማቀዝቀዣው ሲሠራ ሁለት መስኮቶች በትንሹ ይከፈቱ። ካልተከፈቱ አየሩ ይታፈናል።› የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ።»

«እኔስ ምን አደረግሁ? እንዳልከው ሁለት መስኮት ከፈትኩ፤ እርጥብ መጋረጃም ጋረድኩባቸው። የጻፍከውን አከበርኩልህ።»

ዳርሲ መስኮቶቹን አየ። እውነት ነው፤ አንድ ስንዝር ስንዝር ያህል ተከፍተዋል። ሰማንያ ጥንድ ዓይን ጀርባው ላይ ተተከለ፤ ጆሮው ጋለ።

«ስጽፈው ስለ ጭስ አላሰብኩም» አለ። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የኔ ነው። እባክዎ፣ ማራገቢያው ይጥፋ፤ መስኮቶቹ ይዘጉ። ውሃው ብቻ ይፍሰስ፤ ንጣፉ ከደረቀ ፍም ይይዘዋል።»

ሞሪን ቁልፎቻቸውን በእጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ወደ አልቢ ዞር ብለው አዩ። ድሮ በዚህ አዳራሽ አብረው ደንሰዋል፤ ያንን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም።

«ሩብ ሰዓት» አሉ። «አንድ ሰው ራሱን ከሳተ እኔ ራሴ አበራዋለሁ።»

መስኮቶቹ ተዘግተው ማሽኑ ሲጠፋ የመጣው ዝምታ ከባድ ነበር። እሳቱ ገና ሩቅ ሆኖ፣ ብዙ ከባድ መኪና ዳገት የሚወጣ የሚመስል ድምፁ አሁን ተሰማ። ሰዎች ተያዩ። ሙቀቱ ወዲያው ወረደባቸው። ጋዜጣ አጥፈው የሚያራግቡ አሉ፤ ሸሚዙን ያወለቀ አለ።

አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ዳርሲ አምፖሎቹን ያያል። ጉሙ አልሳሳም። እንዲያውም ወፍሯል።

«ጎሽ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ቅዝቃዜውን ወሰደልን፣ ጭሱን ተወልን።»

አንዳንዱ ሳቀ። መለኪያዋ ሰማንያ ስድስት ደርሳለች።

ዳርሲ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ከሶፍት ጥቅልል አንድ ስንዝር ቀደደ። በዋናው በር፣ ፕላስተሩ ለቀቅ ባለበት ስንጥቅ ፊት፣ ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ አንጠለጠለው። ወረቀቱ ወደ ውስጥ አዘነበለ። ለስለስ ብሎ አይደለም፤ አንድ ሰው ከውስጥ እንደሚጎትተው ሆኖ ተወጠረ። በወለሉ ሳንቃዎች መካከል ያዘው፤ ከሥር ወደ ላይ ተነሣ። በቁልፍ ቀዳዳው ፊት ያዘው፤ ተርገበገበ።

አየር ወደተዘጋ ቤት እንዲህ አይገባም። በአንድ በኩል የሚወጣ ካለ ነው በሌላው በኩል የሚገባው። የሆነ ነገር ይህን አዳራሽ እየጠባው ነው፤ ቤቱም የጎደለውን በየስንጥቁ ከውጭ ይሞላል። የውጭው ደግሞ ጭስ ብቻ ነው። ፎጣና ፕላስተር ምን ያደርጋሉ? ከውስጥ የሚጠባ እስካለ ድረስ በአንዱ ሲዘጋበት በሌላው ይገባል።

ግን ማሽኑ ጠፍቷል። ማን ነው የሚጠባው?

ወረቀቱን አንጠልጥሎ በግድግዳው ጥግ ጥግ መሄድ ጀመረ።

«ዳርሲ፣ የጠፋብህ ነገር አለ ወይስ ዝንብ እያጠመድክ ነው?» አለ ከተቀመጡት አንዱ።

«ተዉት፣ ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው።»

ዳርሲ ወረቀቱን እያየ መንገዱን ቀጠለ። ወረቀቱ እንደ ውሻ ይመራዋል፤ በመድረኩ በኩል አለፈ፣ የጦር ሟቾች ስም በተጻፈበት ሰሌዳ ሥር አለፈ፣ ከዚያ ጠባቡ ኮሪደር ላይ ሲደርስ ከጣቱ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። ቀጥ ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተኛ። በዚያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣለት። ሽንኩርት። የሚጠበስ ቋሊማ።

በሩን ገፍቶ ገባ። ወይዘሮ ግሌኒስ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ሦስት ሴቶች ግራና ቀኝ አሰልፈው፣ ስልሳ ቋሊማ በአንድ ብረት ላይ ያገላብጣሉ። ከራሳቸው በላይ፣ ከተዘጋው ሆቴል በነፃ የተገኘው ትልቁ የጭስ መምጠጫ ያገሳል። ለሁለት መቶ እንግዳ ወጥ ቤት የተሠራ መምጠጫ ነው።

«ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ይሄ መጥፋት አለበት።»

«ምን አልክ? አይሰማም!»

«መምጠጫው! መጥፋት አለበት! ምድጃውም!»

ግሌኒስ ሹካውን እንደያዙ ዞሩ። «ምድጃው? አንተ ልጅ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ እሳት ሲነሣ ይሄ ምድጃ ጠፍቶ አያውቅም። ልጆቹ እሳት አጥፍተው ሲመለሱ ትኩስ ነገር እጃቸው ላይ ሳይደርስ ቀርቶም አያውቅም። ልጄ ሩዋን ከሌሊት ጀምሮ የእሳት መኪናው ላይ ነው። ሲመለስ ምን ልስጠው? ወረቀትህን?»

ሴቶቹ ሳቁ። ግሌኒስ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ከሽንኩርት በላይ ቀልቷል። ዳርሲ ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«እባክዎ፣ ይያዙልኝ። እዚያ፣ በጓሮው በር ሥር።»

«ምን ሊሆን?»

«ይያዙት ብቻ።»

ግሌኒስ ተነፈሱና ወረቀቱን ተቀብለው አጎነበሱ። በሩ ሥር እርጥብ ጆንያ አለ፤ በጆንያውና በበሩ መካከል ጣት የማያስገባ ክፍተት። ወረቀቱ ከእጃቸው ሊወጣ ተንደረደረ፤ ጫፉ ወደ መምጠጫው ተቀሰረ። በክፍተቱ ውስጥ ቀጭን ግራጫ ጭስ እንደ ክር ተስቦ ገባ፤ በጉልበታቸው አጠገብ አለፈና ወደ ላይ ወጣ።

ግሌኒስ እንዳጎነበሱ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ጭሱን የምስበው እኔ ነኝ?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«መምጠጫው ነው። የወጥ ቤቱን አየር ሲያወጣ አዳራሹ ይጎድላል፤ ከውጭ ይሞላል። አባባ ብዙ አልቀረለትም።»

ግሌኒስ ቀጥ ብለው ቆሙና ምድጃውን አጠፉ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው መምጠጫውን አጠፉ። ወረቀቱ በእጃቸው ላይ እንደደከመ ክንፍ ወደ ታች ወረደና ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ።

«ምን ያፈዛችኋል?» አሉ ለሴቶቹ። «አይብ ቁረጡ። ኪያሩን አምጡ። ቀዝቃዛም ቢሆን ዳቦ ዳቦ ነው።»

ዳርሲ ሮጦ ተመለሰ። በዋናው በር ወረቀት ሞከረ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምንም አይገባም። ደስታው ግን አያቱ ጋ እስኪደርስ ብቻ ነበር።

«ሰማንያ አራት» አለች ሉዝ።

«አሁን እኮ አይገባም! አቁሜዋለሁ!»

«የገባው ግን አልወጣም። እሱን ነው የሚተነፍሱት።»

አልቢ አሁን አይቀልዱም። ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ይነሣል፤ ከንፈራቸው ወደ ሰማያዊ አድልቷል። የዳርሲን እጅ ያዙ፤ መዳፋቸው ዛሬም እንደ ድንጋይ ሻካራ ነው። ከወዲያ ሕፃን አለቀሰ። አንዲት ሴት ራሴን አመመኝ አለች፤ ሌላዋም አለች። ሰማንያ ሰው የተነፈሰውን መልሶ እየተነፈሰ ነው። ሞሪን አንድ ወንበር ተደግፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አልተነቀለም። ሩብ ሰዓቱ አልፏል።

መዝጋት ግማሹ ሥራ ብቻ ነበር። ዳርሲ ይህን ያውቃል፤ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ያለውን ክፉ አየር ገፍቶ የሚያስወጣ ንጹሕ አየር መግባት አለበት። ንጹሕ አየር ከየት ይመጣል? ወይ ከየትም አይመጣም፣ ወይ …

የመኪናው ጭነት ትዝ አለው። ማክሰኞ ለአረጋውያን መኖሪያው ሊገጥማቸው የጫናቸው ስምንት የአየር ማጣሪያዎች! ነጭ፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ፣ ለደካማ ሳንባ የሚሠሩ።

እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ ጠመጠመና ወጣ። ውጭው አየር አይባልም። መኪናውን በእጁ እየዳሰሰ አገኘው፤ ዓይኑ በእንባ ተሞላ፤ የፍም ብናኝ ክንዱ ላይ አርፎ ጠበሰው። በኮረብታው ጫፍ ላይ ብርቱካናማ መስመር ቆሟል። ሣጥኑን አቅፎ ሲመለስ ሉዝ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ጎተተችው፤ በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

ከማቀዝቀዣው አፍ ፊት መሰላል ቆመ። ዳርሲ ማጣሪያዎቹን አንዱን ከአንዱ አያይዞ፣ የፍርግርጉን ሙሉ ፊት ሸፍኖ፣ ዙሪያውን በሰፊው ግራጫ ፕላስተር አሸገ። አንድ ጥግ አልያዘ አለው፤ በላቡ ረጥቦ ይላቀቃል። ሦስት ጊዜ ለጠፈው።

ሲወርድ ሞሪን ማብሪያው ፊት ቆመዋል።

«አጥፉ አልክ፤ ጠፋ» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «አሁን አብሩ ልትለኝ ነው?»

«አዎ። በዝቅተኛው ፍጥነት። ከጠነከረ ማጣሪያውን ይገነጥለዋል።»

«መስኮትስ?»

«አይከፈትም። የወጥ ቤቱ መምጠጫ ቱቦ ይበቃል፤ አሁን ስለጠፋ አየሩ በዚያ ይወጣል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ሰው ሁሉ ይሰማል። ከወዲያ የአልቢ ትንፋሽ ያፏጫል። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ዳርሲ ግን ጆሮው እንደሚቀላ ያውቃል።

«አይደለሁም» አለ። «እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ከተሳሳትኩ ወረቀቱ ሳይሆን ሽታው ይነግረናል፤ ያኔ ወዲያው ያጥፉት። ግን ዝም ብለን ከተቀመጥን አባባ አሥራ አንድ ሰዓት አይደርስም።»

ሞሪን ወደ ማብሪያው ዞሩ። «ባለፈው ካርድ ላይ እርግጠኛ ነበርክ» አሉና ራሳቸው አበሩት።

ማሽኑ ከበፊቱ ይልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነሣ። ማጣሪያዎቹ ወደ ፊት አበጥ አሉ፤ ያቺ ክፉ ጥግ ተርገበገበች፤ ግን ያዘች። ዳርሲ የአልቢን ወንበር ወደ ማሽኑ ፊት አስጠጋ። ቀዝቀዝ ያለ፣ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ያለው አየር ፊታቸው ላይ ወረደ። ጭስ ጭስ አይልም።

«ሰማንያ ሦስት» አለች ሉዝ።

ዳርሲ በዋናው በር ወረቀቱን ያዘ። ክንዱን በበሩ መቃን ላይ አስደገፈው። ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ስንጥቁ ዘንበል አለ። ወደ ውጭ።

«እየገፋ ነው» አለ። ማንም የሰማው አልመሰለውም፤ ስለዚህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጮኸ። «ወደ ውጭ እየገፋ ነው! ማንም ሰው በር እንዳይከፍት!»

እሳቱ የከተማዋን ጫፍ ሲያልፍ አሥር ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጣሪያው ላይ የፍም ዝናብ ተንጣጣ፤ መስኮቶቹ ቀሉ፤ ውሾቹ ወንበር ሥር ገቡ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሊቆም ሲል የአዳራሹ ጄኔሬተር ተነሣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዳርሲ አንድ ነገር ብቻ ነው ያየው፤ ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ አራት። ብዙ ቆይቶ ሰማንያ ስድስት። ነፋሱ ዞሮ፣ ምዕራቡ ግራጫ ሆኖ ሲገለጥ፣ ሰማንያ ዘጠኝ።

አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት የእሳት መኪናው ደረሰ። ሩዋን ፊቱ ጠቁሮ ከጓደኞቹ ጋር ገባ። ግሌኒስ ምንም ሳይናገሩ አንገቱን አቀፉትና የአይብ ዳቦ እጁ ላይ አኖሩ።

«ቋሊማ የለም እንዴ?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

ዳርሲ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ፕላስተሩን ላጠና አንዱን ማጣሪያ አወረደ። ከማሽኑ በኩል የነበረው ፊቱ እንደ ምድጃ ጥቀርሻ ጠቁሯል።

«ስጠኝማ» አሉ አልቢ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን ድምፅ ነበር። ማጣሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቁሩን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ፤ በሁለት ጣት መካከል አሹት። እንዲያ ሲያደርጉ ዳርሲ ልጅ ሳለ አይቷል፤ ከሥራ ሲመለሱ ከቅንድባቸው ላይ የድንጋይ ዱቄት እየጠረጉ።

«አባባ፣ አታውራ። ትንፋሽህን ቆጥብ።»

«ሠላሳ ዓመት» አሉ አልቢ፣ ጣታቸውን እያዩ። «መስኮት አልነበረንም። አንድ ማራገቢያ ነበረች፤ አለቃው ትጮኻለች ብሎ አስጠፋት። እኛም ጸጥታው ተመቸን።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንድም ሰው ወረቀት ይዞ አልዞረም።»

ሞሪን ካርዱን ከግድግዳው ነቅለው መጡ። ለዳርሲ አልሰጡትም፤ ገልብጠው ባዶ ጀርባውን አሳዩትና እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው «አስተካክለህ ጻፈው» አሉት። አምቡላንሱ ውጭ ድምፁን ሲያሰማ ዳርሲ ገና መጻፍ አልጀመረም፤ የአያቱን ወንበር ከኋላ ይዞ ወደ በሩ እየገፋ ነበር።

«በሩን ልክፈት?» አለች ሉዝ።

ዳርሲ ወረቀቱን በስንጥቁ ፊት ያዘ፤ ወደ ውስጥ አላዘነበለም።

«አሁን ክፈቺ» አለ።